የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አኩሪ አተሩ ሲቀንስ ከመኖው የጎደለው ምንድን ነው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። አራቱም በመኖ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ቀንሶ በከረጢት የሚሸጡትን አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸውን ክፍሎች) ስለ መጨመር ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የብዙ ዶሮ አርቢዎች ችግር ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ

«ኮምቦልቻ በግቢዬ ውስጥ 600 ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። መኖውን የምቀላቅለው ራሴ ነኝ። ለአንድ ኩንታል 56 ኪሎ በቆሎ፣ 22 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 6 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ አምስት ኪሎ ተኩል ፉርሽካ፣ 9 ኪሎ የኖራ ድንጋይ፣ የቀረውን አንድ ኪሎ ተኩል ደግሞ ጨው፣ የአጥንት ዱቄትና ቫይታሚን አደርግበት ነበር። በዚያ ላይ 100 ግራም ሜቲዮኒን እጨምራለሁ። የአኩሪ አተር ዋጋ አልቀመስ ሲል መኖ የሚሸጥልኝ ሰው ‹አኩሪ አተሩን 10 ኪሎ አድርጊው፣ ኑጉን ወደ 16 አሳድጊው፣ ሁለቱን ኪሎ በበቆሎ ሙይው፤ የሚጎድለውን ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ይተካዋል፣ ሜቲዮኒኑን እጥፍ አድርጊው› አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ሳምንት በቀን 520 የነበረው እንቁላል 450 ገባ፤ የሚጣለውም መጠኑ አነሰ። ግራ ያጋባኝ ግን ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ይህንኑ መኖ ከእኔው እየወሰደች ለ200 ዶሮዎቿ ትሰጣለች፤ የእሷ ያን ያህል አልወረደም። በሽታ ይሆን ወይስ መኖው ነው? ወደ ድሮው ልመለስ ወይስ ሌላ መላ አለው?»

መልስ

በመጀመሪያ በሽታውን እናስወግድ። የሚያስል፣ የሚያንኮራፋ ወይም አንገቱ የሚጣመም ዶሮ ካለ፣ ኩሱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እንቁላሉ በድንገት ቅርፊተ ልስልስና ነጣ ያለ ሆኖ ከመጣ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ ፈንግል እንቁላልን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያወርዳል። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ግን ዶሮዎቹ አልሞቱም፣ አላሳሉም፤ የወረደውም ቀስ እያለ፣ መኖው ከተለወጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ መኖው ላይ ነው፤ ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል።

የሰጡን መጠን የተሟላ መሆኑ በጣም ጠቅሞናል። አንድ ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር በአማካይ 22.5 ግራም ያህል ላይሲን እና 5.3 ግራም ያህል ሜቲዮኒን ይይዛል፤ ሁለቱም አሚኖ አሲዶች ናቸው። አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ወደ 12 ግራም ላይሲንና ወደ 6 ግራም ሜቲዮኒን አለው፤ የበቆሎው 2.6 እና 1.8 ግራም ነው። እነዚህ አማካይ ቁጥሮች ናቸው፤ ፋጉሎ እንደ መጭመቂያው ይለያያል፣ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። አሁን እርስዎ ያደረጉትን እንቁጠር። 12 ኪሎ አኩሪ አተር ሲያወጡ ከኩንታሉ 270 ግራም ላይሲን ወጣ፤ 10 ኪሎ ኑግ ሲያስገቡ 120 ግራም ተመለሰ፤ ሁለቱ ኪሎ በቆሎ 5 ግራም ጨመረ። ስለዚህ ኩንታሉ 145 ግራም ላይሲን ጎደለው፤ ከ745 ወደ 600 ግራም ወረደ። ሜቲዮኒኑንስ? 64 ግራም ገደማ ወጣ፣ 60 ግራም በኑጉ፣ 4 ግራም ገደማ በበቆሎው ተመለሰ። ማለትም ምንም አልጎደለም። ሻጩ እጥፍ እንዲያደርጉ የመከረዎት ያልጎደለውን ነው፤ የጎደለውን ግን ማንም አልተካውም።

ሰውየውን ክፉ አሳቢ ነው ለማለት አልደፍርም። ስለ ዶሮ መኖ በሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁሉ «ለዶሮ ቀድሞ የሚጎድለው ሜቲዮኒን ነው» ተብሎ ይነገራል፤ ይህም እውነት ነው፣ ነገር ግን እውነት የሚሆነው መኖው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ሲሠራ ነው። አኩሪ አተር በላይሲን የበለጸገ፣ በሜቲዮኒን ግን ደካማ ነው። ኑግና ሰሊጥ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ በተለይ የሰሊጥ ፋጉሎ በሜቲዮኒን ከአኩሪ አተር እጥፍ ያህል ሲሆን በላይሲን ግን ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ፋጉሎው ሲለወጥ ቀድሞ የሚጎድለውም አብሮ ይለወጣል። «ምን አሚኖ አሲድ ልግዛ?» ከማለት በፊት «ጆንያዬ ውስጥ ያለው የምን ፋጉሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር መኖ የሚቀላቅሉ ሰዎች ከሁሉ በላይ እንዲይዙልኝ የምመኘው ይህን አንድ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጡ የመኖ ሰንጠረዦች በአብዛኛው የተሠሩት ለአኩሪ አተር እንጂ ለኑግ አይደለም።

«ፕሮቲኑ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። የእርስዎ መኖ ፕሮቲን ከ15.6 በመቶ ወደ 14.4 በመቶ ብቻ ነው የወረደው፤ ይህ ልዩነት በራሱ 70 እንቁላል አያሳጣም። ላቦራቶሪ «ፕሮቲን» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር በእርግጥ የናይትሮጅን መጠን በ6.25 ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከየትኛው አሚኖ አሲድ እንደመጣ አይናገርም። ዶሮዋ ግን የምትፈልገው ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚቀጣጠል ሰንሰለት ነው። ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን እየለጠፈ «ኮምቦልቻ» የሚል ስም በየበሩ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ያስቡ፤ «ቻ» ካለቀበት «ም» በጆንያ ቢመጣለት አንድ ተጨማሪ ስም አይሠራም። የተረፈውን «ም» ዶሮዋ ለነገ አታስቀምጠውም፤ ታፈርሰዋለች፣ ናይትሮጅኑንም ዩሪክ አሲድ አድርጋ በኩሷ ትጥለዋለች። 200 ግራሙ ሜቲዮኒን በዶሮዎችዎ ላይ መርዝ የሚሆንበት መጠን ላይ አልደረሰም። ሆኖም ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ከመጠን ሲያልፍ ፈጥኖ የሚጎዳው ሜቲዮኒን ስለሆነና የምግብ ፍላጎትንም ስለሚቀንስ፣ ያለ ስሌት እጥፍ ማድረግ ልማድ እንዳይሆንብዎ እለምንዎታለሁ።

አሁን ወደ እህትዎ እንሂድ፤ የደብዳቤዎ እጅግ ጠቃሚ ክፍል ይህ ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። መንገዱ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚለወጥ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ዶሮ በብርድ ሰውነቷን ለማሞቅ ብዙ ትበላለች፤ ላብ የሚያወጣ ዕጢ ስለሌላት በሙቀት አፏን ከፍታ እያለከለከች መብሏን ትቀንሳለች። የእህትዎ ዶሮዎች በቀን 120 ግራም ይበላሉ፣ የእርስዎ በሞቃቱ ሰሞን 100 ግራም ይበላሉ ብለን እናስላ። በአዲሱ መኖ የደሴዋ ዶሮ 720 ሚሊ ግራም ላይሲን ታገኛለች፤ የኮምቦልቻዋ ግን 600 ብቻ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ ቡናማ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ በቀን 760 ሚሊ ግራም ላይሲን ያስፈልጋታል፤ የዛሬዎቹን ዝርያዎች የሚያራቡት ድርጅቶች ደግሞ ከዚህም ከፍ ያለ ይጠይቃሉ። አንድ እንቁላል ብቻውን ወደ 450 ሚሊ ግራም ላይሲን ይዞ ይወጣል፤ ከተበላው ሁሉ ደግሞ ሳይፈጭ የሚያልፍ አለ፣ ለሰውነቷ ጥገና የሚውልም አለ። ስለዚህ የእህትዎ ዶሮዎች ከመስፈርቱ ጥቂት ወርደው ተንጠልጥለዋል፤ የእርስዎ ግን ወድቀዋል። መኖው አንድ ነው፣ የሚበላው መጠን ግን አንድ አይደለም። በእርግጠኝነት ለማወቅ ከፈለጉ ለአንድ ሳምንት ጠዋት የሚሰጡትን፣ ማታ የተረፈውን ይመዝኑና የየቀኑን ልዩነት ለ600 ያካፍሉት፤ እህትዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ምን ላድርግ ላሉት፣ ወደ ድሮው መመለስ ግዴታ አይደለም። ሜቲዮኒኑን ወደ 100 ግራም ይመልሱት፤ በእሱ ፋንታ በኩንታል 190 ግራም ላይሲን ይጨምሩ። 145 ግራም ጎደለ ብዬ 190 ያልሁት ገበያ ላይ ያለው ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ንጹሕ ላይሲኑ ከመቶ 78 ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። በሞቃቱ ወራት፣ መብል ሲቀንስ፣ ወደ 250 ግራም ከፍ ያድርጉት፤ ለእህትዎ የሚሄደው ግን በ190ው ይቆይ። ትሪዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ በአዲሱ ቅልቅል ውስጥ ስለሚበቃ መግዛት አያስፈልግዎትም። ትሪፕቶፋን ግን እንደ ስሌቴ ጠርዝ ላይ ነው፤ በቆሎ በዚህ አሚኖ አሲድ በጣም ደካማ ነውና። ስለሆነም አኩሪ አተሩን ከ10 ኪሎ በታች እንዳያወርዱት አጥብቄ አሳስባለሁ።

ሌላው ላይሲን ፈጽሞ የማይሞላው ጉድለት ጉልበት ነው። ዘይቱ ያልወጣ የተቆላ አኩሪ አተር ከመቶ 18 ያህል ቅባት አለው፤ 12 ኪሎ ሲያወጡ ከሁለት ኪሎ በላይ ዘይት አብሮ ወጥቷል። በምትኩ የገባው ኑግ ገለባ የበዛበት ነው። ይህን ለማካካስ በጣም ቀላሉ መንገድ ፉርሽካውን አውጥቶ አምስት ኪሎ ተኩሉን በቆሎ ማድረግ ነው፤ ፉርሽካውም ጥቂት ላይሲን ነበረውና በዚያን ጊዜ 190ውን 210 ያደርጉታል። ፉርሽካውን ለላሟ ወይም ለበጉ ይስጡት፤ የሚያምርበት እዚያ ነው።

ጨውን በተመለከተ ደግሞ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ከክብደቱ ወደ 19 በመቶ የሚሆነው ክሎራይድ ነው። በ190 ግራም ጊዜ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ወደ 300 እና 400 ግራም ሲኬድ ግን የተወሰነውን ገበታ ጨው በሶዲየም ባይካርቦኔት መተካት ይገባል፤ አለዚያ የደሙ አሲድነት ጨምሮ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል።

ዋጋውን ራስዎ ያስሉት፣ ምክንያቱም የገበያው ዋጋ ይህ ጽሑፍ እጅዎ እስኪገባ ይለወጣል። በአንድ በኩል የ12 ኪሎ አኩሪ አተር ዋጋ፣ በሌላ በኩል የ10 ኪሎ ኑግ፣ የ2 ኪሎ በቆሎና የ190 ግራም ላይሲን ዋጋ ይጻፉ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በአኩሪ አተሩ ይቆዩ፤ የታወቀ መኖ ሰላም ይሰጣል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ሳይፈሩ ይሂዱበት። እንዲያውም አንድ ጥቅም ይታከልልዎታል፦ ፕሮቲን በአንድ መቶኛ ነጥብ ሲቀንስ ከዶሮዋ በኩስ የሚወጣው ናይትሮጅን ከ8 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የሚፈርስ ፕሮቲን ሲያንስ ዶሮዋ ውኃ የምትጠጣው ይቀንሳል፤ ጉዝጓዙ ይደርቃል፤ ማለዳ የዶሮ ቤቱን በር ሲከፍቱ ዓይንን የሚያቃጥለው አሞኒያም ይቀላል። ፕሮቲን ሲፈርስ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ስለሚፈጥር ደግሞ፣ ላይሲኑ እስከተስተካከለ ድረስ፣ ዝቅ ያለ ፕሮቲን የሚስማማው ከደሴ ይልቅ ለኮምቦልቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ኑጉስ ከተወደደ በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ልተካው?» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብዎ። የጥጥ ፍሬ ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር ላይሲንን ጠፍሮ ይይዛል፣ የተቀመጠ እንቁላልም አስኳሉ እንደ ወይራ አረንጓዴ እንዲሆን ያደርጋል። ይህን አስኳል አንድ ጊዜ ያየ ደንበኛ አይመለስም።

ጥያቄ

«ደሴ ነዋሪ ነኝ። ጥቂት የሥጋ ዶሮዎች አረባለሁ። ስለ ላይሲን ልጄ ፈልጎ ያነበበልኝ ጥናት ሁሉ ስለ አሳማ ነው። በሰፈራችን ደግሞ ዱቄቱ ራሱ ከአሳማ ነው የሚሠራው ይባላል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ይህንኑ ጠይቅልን ብለውኛል። እውነቱን ንገሩን። ደግሞስ ለአሳማ የተባለው ለዶሮ ይሠራል?»

መልስ

መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ እኛ ወሎዬዎች በዚህ ጉዳይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነን፣ ወሬው ሳይጣራ መቆየት የለበትም። ላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን የሚመረቱት ከእንስሳ ሥጋ ሳይሆን በማብላላት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በጃፓን እነ ሹኩዎ ኪኖሺታ ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚኩም የተባለውን የአፈር ባክቴሪያ አገኙ፤ ይህ ባክቴሪያ ስኳር ሲመገብ አሚኖ አሲድ ወደ ውጭ ይለቃል። ዛሬም ፋብሪካዎቹ የሸንኮራ ሞላሰስ ወይም ከበቆሎና ከሌላ ስታርች የተገኘ ስኳር በትልልቅ ጋኖች ውስጥ አድርገው ባክቴሪያውን ያረባሉ፣ ከዚያ ላይሲኑን አጣርተው ያደርቁታል። ነገሩ ለጠላና ለእርሾ እንግዳ ላልሆነ አገር የሚከብድ አይደለም። ለመኖ የሚሸጠው ሜቲዮኒን በአብዛኛው ከነዳጅ ተዋጽኦ በኬሚካል ውሕደት የሚሠራ ነው። አሳማ በሁለቱም ውስጥ የለም። የሃይማኖቱን ብያኔ ግን እኔ አልሰጥም፤ ያሁኑን መረጃ ይዘው ሼኾቹን፣ ጎረቤቶችዎም ካህናቱን ይጠይቁ። ስለ ምንጩ መጠየቅ የሚገባው ዕቃስ ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ነው፤ ያ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ከመለያ ጽሑፉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጥናቱ ስለ አሳማ የበዛው ምክንያት አለው። በብሪታንያ የግብርና ምርምር ምክር ቤት በ1981 እ.ኤ.አ. የአሳማን ፍላጎት ሲያወጣ ላይሲንን 100 ብሎ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ከእሱ ጋር በንጽጽር አስቀመጠ፤ «ተስማሚ ፕሮቲን» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ተስፋፋ። በበቆሎና በአኩሪ አተር ለሚደልብ አሳማ ቀድሞ የሚጎድለው ላይሲን በመሆኑ፣ ላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና እንደ አስፈላጊነቱ ሜቲዮኒን ተጨምሮለት ፕሮቲኑ በሦስትና በአራት መቶኛ ነጥብ ቢቀንስ ዕድገቱ እንደማይጎዳ ታይቷል። ይሁንና ሐሳቡ ከአሳማ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለጫጩት ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ነበር።

ስለዚህ መርሁ ለዶሮም ይሠራል፣ ቁጥሩ ግን በቀጥታ አይገለበጥም። ልዩነቱን ለማየት አንድ ላባ ማንሣት ይበቃል። ላባ በድኝ ከበለጸገ ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ድኙ የሚመጣው ከሜቲዮኒንና ከሲስቲን ነው። ስለዚህ ለአንድ መቶ ላይሲን ደልቦ ለማለቅ የተቃረበ አሳማ 60 ያህል የሁለቱን ድምር ሲፈልግ፣ የሥጋ ዶሮ 75 አካባቢ ትፈልጋለች። ዶሮዎችዎ የእርስ በርስ ላባ እየነቀሉ የሚበሉ ከሆነ፣ መጨናነቁንና ብርሃኑን ካስተካከሉ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚመረመረው የመኖው ሜቲዮኒን ነው። ሁለተኛው ልዩነት ጫጩት ናይትሮጅንን በዩሪክ አሲድ መልክ ስለምታስወግድና ለዚህ ግላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ስለምታጠፋ፣ ፕሮቲኗ ብዙ ሲቀነስ ግላይሲኑም ይጎድልባታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የጫጩት መኖ አይንኩት፤ ቁጠባውን በመጨረሻው የማድለቢያ ጊዜ፣ ከሁለት መቶኛ ነጥብ ሳያልፉ ይሞክሩት። ከዚያ ካለፉ በአሳማውም የታየው በዶሮም ይታያል፦ ፕሮቲን ለማፍረስ ይጠፋ የነበረው ጉልበት ይተርፍና ሆድ ዕቃው ላይ ጮማ ይሆናል።

ጥያቄ

«በደሴ በማኅበር ተደራጅተን ዶሮ የምናረባ ወጣቶች ነን። ላይሲን ከአንድ ነጋዴ በኪሎ ቀንሶ ሸጠልን። በነጭ ፌስታል ስለሆነ ምንም ጽሑፍ የለውም። እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? ይህን ያህል ትንሽ ነገርስ በኩንታል ውስጥ እንዴት ይዳረሳል?»

መልስ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለወደፊቱ ከተቻለ 25 ኪሎውን ከረጢት በጋራ ግዙ፤ ጽሑፉ ከዱቄቱ እኩል ያስፈልጋችኋል። ላይሲን በሁለት ዓይነት ይሸጣልና፦ ሃይድሮክሎራይዱ ከመቶ 78 ያህል ላይሲን ሲኖረው፣ ሰልፌት የተባለው ግን ከ50 እስከ 55 ብቻ ነው። በፌስታል የተሰጣችሁ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በመጠኑ ትሳሳታላችሁ።

ቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ግልጽ ብርጭቆ ላይ ለብ ያለ ውኃ አድርጉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ አማስሉ። ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ በውኃ ውስጥ በጣም የሚሟሟ ነው፤ ጥቂት ስታማስሉት ይጠፋል፣ ውኃው ጥርት ብሎ ወይም ሻይ እንደነካው ገርጣ ብሎ ይቀራል። ኖራ ወይም ዱቄት ከተቀላቀለበት ውኃው ይደፈርሳል፣ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይዘቅጣል። ሰልፌቱ የባክቴሪያው ቅሪት ስላለበት ቡናማ ጥራጥሬ ነው፤ ዝቃጭም ይተዋል፣ ስለዚህ በዝቃጩ ብቻ ሐሰተኛ ነው አትበሉት። ሜቲዮኒን ደግሞ በባሕርዩ በውኃ ብዙ አይሟሟም፤ ነጭ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ሆኖ ይዋኛል፤ የሚታወቀው የተቀቀለ ጎመን በሚመስለው የድኝ ሽታው ነው። ይህ ሙከራ ግልጽ የሆነውን ማጭበርበር ያሳያችኋል እንጂ ስኳር ወይም ጨው የተጨመረበትን አይለይም፤ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

አቀላቀሉ በደረጃ ይሁን። 190 ግራሙን በመጀመሪያ ከአንድ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር በሳፋ ውስጥ በእጅ እሹት፤ ያንን ከአምስት ኪሎ፣ ከዚያ ከ25 ኪሎ ጋር ቀላቅሉ፤ በመጨረሻ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተዘረጋው ኩንታል ጋር በአካፋ ቢያንስ አራት ጊዜ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ገልብጡት። በቀጥታ ከላይ ከበተናችሁት አንዷ ዶሮ የአሥሯን ትበላለች፣ አሥሩ ምንም አያገኙም። የተረፈውን በሚገባ ክዳን ባለው ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ላይሲን እርጥበት ይስባል፣ የደሴ የክረምት ጉም ደግሞ ቤት ድረስ ይገባልና ጠጥሮ ታገኙታላችሁ።

አኩሪ አተሩን የምትቆሉት ራሳችሁ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያልበሰለ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለው፤ ያረረ ደግሞ ላይሲኑ ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ፍሬውን ለሁለት ክፈሉት፤ ውስጡ ወርቃማ ሆኖ የጥሬ አተር ጣዕሙ ከጠፋ በቃው። ጠቁሮ ካወጣችሁት በገንዘባችሁ የገዛችሁትን ላይሲን ራሳችሁ እያቃጠላችሁ ነው።

ጥያቄ

«ከቃሉ ወረዳ ነኝ፤ ሰንጋ አደልባለሁ። ለዶሮ የሚሰጠውን ላይሲን ለበሬ ብሰጠው ቶሎ ይሰባልኝ ይሆን?»

መልስ

ገንዘብዎን ያስቀምጡ። በበሬ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የሚመጣላቸውን አሚኖ አሲድ አብዛኛውን አፍርሰው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ከአሞኒያውም የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ፣ በሬው በኋላ እነሱን ይፈጫል። ጨጓራውን አልፎ እንዲሄድ ተሸፍኖ የተዘጋጀ ላይሲን አለ፤ ለዶሮ የሚሸጠው ዱቄት ግን እሱ አይደለም።

ለእርስዎ የሚያዋጣው ያንኑ ሥራ በርካሽ የሚሠራው ዩሪያ ነው። ለአንድ ኩንታል ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በውኃ በጥብጠው፣ እየረጩ ደልድለውና በላስቲክ አፍነው 21 ቀን ካቆዩት በኋላ፣ አናፍሰው ቀስ በቀስ ያስለምዱት። በጥሬው፣ ሳይለካ ወይም በውኃ በጥብጠው በገንዳ እንዳይሰጡት፤ ያልለመደ በሬ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የዩሪያው ጆንያ ከዶሮ መኖ ጋር በአንድ መጋዘን እንዳያድር። አንድ ኪሎ ዩሪያ በላቦራቶሪ ሲለካ እንደ 2.8 ኪሎ ፕሮቲን ስለሚቆጠር ፋጉሎ ውስጥ ቀላቅለው «ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ዶሮ ግን የበሬ ጨጓራ ስለሌላት ከዩሪያ አንድ ግራም ላይሲን አታገኝም፣ መጠኑም ሲበዛ ይገድላታል።